ውሃው በየት ይወጣል?

(ደሴ ላይ ለግንባታ ሙያ ሰልጣኞች የተናገርኩት ነው። ልጄ ስልኳ ላይ ቀድታ ጻፈችው፤ እኔ ደግሞ ምላሴ ያዳለጠበትን አስተካከልኩ። የሳቃችሁበትን ሁሉ አላስገባሁም፣ በጽሑፍ ሲነበብ አያስቅም።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ ያላችሁ ልጆች ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ 30 ዓመት ከሲሚንቶ ማቡኪያ ጋር ሲጮህ ኖሮ አሁን ደክሟል።

የተጋበዝኩት ስለ ድንጋይ ሥራ እንዳወራ ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ቀን ጉዞ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ከልጄና ከሥራ ባልደረባዬ ጋር፣ ለሦስታችን ብቻ አስጎብኚ ይዘን፣ ላሊበላን ከጠዋት እስከ ማታ ስላየንበት ቀን። አዎ፣ ፊታችሁ ላይ አየሁት። "አስጎብኚ? ያ የፈረንጅ ነገር አይደል እንዴ?" እኔም እንደዛ ነበር የምለው። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ ለዚያውም ግንበኛ ሆኜ፣ ላስታ ድረስ ሄጄ የገዛ አገሬን እንዲያሳየኝ ሰው ልቅጠር? ይልቅ በዚያ ብር ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ብገዛ አይሻልም?

ላሊበላ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን "አየሁ" ማለት ይከብደኛል። የሆነ ሰው ያሰናዳው የጋራ ጉዞ ነበር፤ ማን እንደሆነ ይቅር። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነን። 11ዱን ቤተ ክርስቲያን በሦስት ሰዓት ጨረስነው። ጫማ ማውለቅ፣ መግባት፣ ፎቶ፣ መውጣት፣ ጫማ ማድረግ፣ "ቶሎ ቶሎ በሉ ምሳ እንዳያመልጠን"፣ እንደገና ጫማ ማውለቅ። አንድ ቦታ ጠረቡን ለማየት ቆም ስል አስተባባሪው ከኋላዬ አጨበጨበልኝ፤ እንደ በግ። ቤት ስገባ ባለቤቴ "እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ትልቅ ነው" አልኳት። ወላሂ ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። 30 ዓመት ድንጋይ የጠረበ ሰው፣ ላሊበላ ሄዶ መጥቶ፣ "ትልቅ ነው"።

ከዚያ ልጄ ነች የነዘነዘችኝ። "አባዬ፣ እንደገና እንሂድ፣ ግን ለብቻችን ሰው ይዘን።" ባልደረባዬም ተከተለ። እሱ ደግሞ ገናን ላሊበላ አራት ጊዜ አክብሯል፤ አንዱን ጊዜ ከወልዲያ በእግሩ ሄዶ ነው። ግን በገና ሌሊት በዚያ ሕዝብ መሃል ከፊት ካለው ሰው ጀርባ ሌላ ምን ይታያል? "ስሜያለሁ፣ ጸልያለሁ፣ አላየሁም" ይል ነበር። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን ነው። ለወሎ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም፣ እንለፈው።

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ከወልዲያ የድልብን አቀበት ትወጣላችሁ፤ እዚያ ላይ ሆድ ባዶ ባይሆን ጥሩ ነው፣ ሞልቶ ባይሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ላሊበላ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ይህንን እንድነግራችሁ ማድረጉ ራሱ ያሳዝናል፣ ግን ጠይቁ። እናም በአንድ ቀን ደርሼ ልመለስ አትበሉ። ማታ ገብታችሁ እደሩ፣ ቀኑን ሙሉ እዩ፣ በማግስቱ ተመለሱ።

አስጎብኚያችን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ካደርንበት በር ቆሞ ጠበቀን። የዚያው የላሊበላ ልጅ ነው፤ መታወቂያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለች። ዋጋውን ከሁሉ በፊት ተነጋገርን። ይህንን እንዳትረሱ፤ ግማሽ ቀን ነው ሙሉ ቀን፣ የመግቢያው ትኬት ለብቻው ነው ወይስ አብሮ፣ ምሳስ? በይሉኝታ "ግድ የለም ኋላ እንተያያለን" ከተባለ ማታ ላይ ሁለታችሁም ቅር ትሰኛላችሁ። እኛ ግንበኞች "ኋላ እንተያያለን" የሚል አሠሪ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን።

ሻይ ስንጠጣ ስለ ራሱ ጠየቅነው። ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። ኮሮናው ሳይለቅ ጦርነቱ መጣ፤ በ2013 ክረምት ከተማዋ ራሷ የጦር ሜዳ ውስጥ ገባች። "ምን ትሠራ ነበር ታዲያ?" አልኩት። "አጎቴ ጋ ገጠር ገብቼ አጨዳ።" እንዲህ ብሎ ስኳሩን አማሰለ። ሌላ አልጨመረም፣ እኛም አልጎተጎትነውም።

እንግዲህ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጀመርን። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ማውራት ጀመረ። በዓለም ላይ ከአንድ አለት ተፈልፍለው ከቆሙ ቤተ ክርስቲያናት ትልቁ ነው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር ከምናምን፣ ወርዱ 23 ከምናምን፣ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ፣ ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. መዘገበው፣ ያኔ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሁለቱ የኛ ናቸው፣ ይህኛውና የሰሜን ተራሮች። ጥሩ ነው፣ ሁሉም እውነት ነው። ግን ሸምድዶታል። ሺህ ጊዜ ያለው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፤ ዓይኑ እኛን አያይም፣ ከጭንቅላታችን በላይ የሆነ ቦታ ላይ ነው።

እስኪጨርስ ጠበቅኩና "ወንድሜ፣ ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ጉድጓድ ውሃው በየት ይወጣል?" አልኩት።

ቆመ። አየኝ። "ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ግንበኛ ነኝ።"

"እ! እንደሱ ከሆነ ከዚህ አንጀምርም" አለና ወደ መጣንበት መለሰን።

ለእናንተ ልነግር የመጣሁት በሙሉ ከዚህች ደቂቃ በኋላ ያለውን ነው። አስጎብኚ ለሁሉም ሰው የሚያወራው አንድ የተዘጋጀ ወሬ አለው፤ መኖሩም ተገቢ ነው፣ አልወቅሰውም። የራሳችሁን ጥያቄ ስትጠይቁት ግን ወሬውን ጥሎ የሚያውቀውን ያወጣል። ሃያ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ይህንን ብጠይቅ ኖሮ አስራ ዘጠኙ ይሰለቻል፤ አስጎብኚውም "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ያልፈኛል። ሰው ለብቻ የሚያዘው ለክብር አይደለም። አንድ ቦይ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ማንም እንዳያጨበጭብባችሁ ነው።

ቦዩን አሳየን። አስቡት እስቲ፤ ከመሬት በታች 11 ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ መሃሉ ላይ ሕንፃ ትታችኋል። የላስታ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። መውጫ ካላበጃችሁለት ሐምሌ ላይ የሠራችሁት ገንዳ ነው። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ከሕንፃው እኩል ስለ ውሃው አስበዋል፤ ምናልባትም ከሕንፃው በፊት። የግቢው ወለል ዘንበል ይላል፣ ግቢው ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ትልቁ ቦይ፣ ከዚያ ዮርዳኖስ ወደሚሉት። ዮርዳኖስ ሁለቱን የቤተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለይ፣ በሰው እጅ የተቀረፀ ወንዝ ነው።

እኔ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ውሃ ልክ አትጠፋም፤ ሰርግ ስሄድም ትኖራለች፣ ባለቤቴ ታውቃለች። ልጁን "ባስቀምጣት ችግር አለው?" አልኩት። "ቀስ ብለው ብቻ" አለኝ። ተንበርክኬ ወለሉ ላይ አጋደምኳት። አረፋዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ወደ ላይኛው ጎን ሸሸች። አምስት እርምጃ ወረድ ብዬ ደግሜ አስቀመጥኳት፤ ወደዚያው ጎን። ሦስተኛ ቦታ ላይ፣ ወደዚያው። በእርግጥ የስንት መቶ ዓመት እግር የረገጠው ወለል ነው፣ ጎድጓዳም አለው፣ የኔ ልኬት ምርምር አይባልም። ግን ባልደረባዬ አጠገቤ ተንበርክኮ አረፋዋን እያየ "እኛ ባለፈው ዓመት ያስረከብነው ግቢ እንኳ እንዲህ አይፈስም" አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ግቢ አሁንም ውሃ ይቋጥራል። ባለቤቱ ስልኬን ይዟል።

ይህንን ሥርዓት ትውልድ ረሳው። ቦዮቹ ለመቶ ዓመታት አፈር ሞልቶባቸው ኖሩና የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚያ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ድንጋዩ ገባ። ድንጋዩ ደግሞ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ለመፈልፈል የተመቸውም ለውሃ የተጋለጠውም በዚያው ልስላሴው ነው። ዛሬ የምታዩት ስንጥቅና ልጥ እያለ የሚረግፈው ነገር ትልቁ ምክንያቱ ውሃ ነው። ስለዚህ ሠልጣኞች፣ አሸንዳና ቦይ "ኋላ ይሠራል" የምትሉትን ነገር... እሺ፣ ተውኩት፣ ሳቃችሁ ገብቶኛል።

ከላይ ወደ ታች መሥራታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ግን ቆማችሁ አስባችሁበታል? እኛ ከመሠረት ጀምረን ጣሪያ ላይ እንጨርሳለን። እነሱ ከጣሪያው ጀምረው መሠረቱ ላይ ጨረሱ። መሰላል የለ፣ ጣውላ የለ፣ የቆማችሁበት መሬት ራሱ ነው እየወረደ የሚሄደው። እኛ ብንሳሳት ድንጋዩን አንስተን ሌላ እናስቀምጣለን፤ እነሱ አንድ መሮ አብዝተው ቢመቱ የሚመልሱት ነገር የለም። ምሰሶው ቀጠነ ማለት ቀጠነ ነው። የምሰሶውን ቦታ ያወቁት ደግሞ ገና ጣሪያው ላይ ቆመው ነው፤ ውስጡ ገና ድፍን አለት ሳለ። ቱንቢያችሁን አስቡ እስቲ። ቱንቢ የምትጥሉበት ባዶ ቦታ በሌለበት ቱንቢ መጠበቅ!

የመድኃኔ ዓለምን ልክ በመሮ ሳይሆን በሲኖትራክ እናስላው። 33 በ23 በ11፣ ስምንት ሺህ ሜትር ኩብ ከፍ ይላል። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብትሉ 500 ምልልስ ነው። ይህ እንግዲህ የሕንፃው የውጭ ልክ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ተቆርጦ የወጣውን ገና አልቆጠርነውም። ሁሉም በሰው ጫንቃ። "ታዲያ ፍርስራሹ የት ሄደ?" አልኩት ልጁን። ይህንን ጥያቄ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶችም የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ይህንኑ ሲፈልጉ ነበር፣ የተቆለለ የጥርብ ክምርም ለይተዋል። ልጁ ከቦዩ ዳር አውጥቶ "ይህንን ጉብታ የተፈጥሮ ነው ይላሉ?" አለኝ። አየሁት። በላዩ ሣርና ዛፍ በቅሎበታል። ስንት ጊዜ አልፌበት ይሆን።

ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ቦታ አይቶ ሲጽፍ፣ የአገሬ ሰዎች አያምኑኝም ብሎ ፈርቶ መማል ጀመረ። ሥራው 24 ዓመት ፈጀ ብለው እንደነገሩትም ጽፏል። ውሸታም እንዳይባል ፈርቶ የማለ ሰው ሳስብ ያቺ "ትልቅ ነው" ያልኳት ነገር ታሳፍረኛለች።

ወደ ቤተ ማርያም ስንገባ የባልደረባዬ ሁኔታ ተለወጠ። በገና ሌሊት የቆመው እዚህ ግቢ ውስጥ ነበር። ታኅሣሥ 29 የጌታም የንጉሡም ልደት ነው ይላሉ፤ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከማሜ ጋራ፣ ግማሹ ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ይላሉ። "እዚህ ጋ ነበር የቆምኩት" ብሎ በእግሩ ነካ። ቀጥሎ ቀና አለ። ጣሪያውን ያኔ ነው ያየው፤ አራት ገና ካከበረ በኋላ። በቀለም የተሣለውን፣ ከድንጋይ የወጣውን ጌጥ። አስጎብኚው ባትሪውን አብርቶ በቀስታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር ባልደረባዬ አፉን ከፍቶ ተከተለው። ከዚያ አንገቱን እያሸ "ቁንጫ ነከሰኝ" አለ። አዎ፣ ምንጣፉ ውስጥ ቁንጫ አለ፣ ማንም አይነግራችሁም፤ ካልሲ ያዙ።

ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል። ምሳ በላን፤ ጾም ስለነበር ሽሮ። ከሰዓት ሁለተኛው ምድብ ነው፣ ለእኔ የሚበልጠው። ሕዝቡ የሚያውቀው ጊዮርጊስን ነው፤ ግንበኛ ግን ገብርኤል ሩፋኤል ሄዶ ይቁም። በጥልቅ ቦይ ላይ በድልድይ ነው የሚገባው፣ ገና ከደጅ ምሽግ ይመስላል። ልጁ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ጠቆመን፤ ከወለሉ በላይ አየር ላይ የተንጠለጠለ መግቢያ አለ። ደፉ ከሰው ቁመት በላይ ነው። "ወፍ ነው የሚገባበት?" አለች ልጄ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ዘመን ላይ ወለሉ እዚያ ጋ ነበር። ሰዎች በዚያ በር ገብተው ወጥተዋል። በኋላ ሌሎች መጥተው ግቢውን ወደ ታች ቆፍረው አወረዱት፣ በሩም አየር ላይ ቀረ። የፈረንሳዮቹ ቡድን ያነበበውም እንዲህ ያለውን ነው፤ አንዱ ሌላውን የቆረጠበትን ቦታ እየፈለጉ የቱ እንደሚቀድም ይለያሉ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ገብርኤል ሩፋኤልና መርቆሬዎስ ከንጉሥ ላሊበላ ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ ምሽግ ወይም ሌላ ነገር ሆነው የተፈለፈሉ ናቸው ይላል።

ልጄ እዚህ ላይ ተነሳች። "እና መላእክቱስ?"

አስጎብኚው ፈገግ ብሎ "እናቴ የነገረችኝን ልንገርሽ ወይስ የተማርኩትን?" አላት።

"ሁለቱንም።"

ሁለቱንም ነገራት። ቀን ሰዎች ሌሊት መላእክት እንደሠሩት፤ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ ከመላእክት ጋር በአንድ ሌሊት እንደሠራችው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ "የእኔስ?" ብሎ በፈረሱ እንደመጣ። ቀጥሎ ያጠኑት ሰዎች የሚሉትን። አንዱን በሌላው አላጣጣለም፣ አላምታታምም። "ይህ የሰማሁት ነው፣ ይህ ያነበብኩት ነው፣ ይህ ደግሞ ቆሜ ያየሁት ነው" እያለ ለየው። አስጎብኚ ስትመርጡ ይህንን ፈትኑ። ሁሉንም በአንድ ድምፅ የሚነግራችሁን ሰው ግማሹን ብቻ እመኑት፤ ግማሹ የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

ባልደረባዬ ስለ መላእክቱ ያለውን ልጨምር፤ "ማታ ትተኸው የሄድከውን ሥራ ጠዋት ገፍቶ ብታገኘው አንተ ምን ትላለህ?" እኔ ፎርማኑ ትርፍ ሰዓት አሠርቶ ነው እላለሁ አልኩት።

ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ዋሻ ያለ መብራት ነው ያሳለፈን። የሲኦል ምሳሌ ነው ይላሉ። "ስልካችሁን አጥፉ፣ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጅ ከራስ በላይ" አለን። ድቅድቅ ነው። መሮው ያለፈበት ጎርበጥባጣ መዳፌ ሥር ይሰማኛል፤ አንዷ ምት ከሌላዋ የምትርቀው ሁለት ጣት ያህል ነው፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለች። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ነው አልኩ ለራሴ። መጨረሻ ላይ ብርሃን ሲመጣ ቅር አለኝ። መርቆሬዎስ ግማሹ የፈረሰ ነው፤ የእግር ብረት ተገኝቶበታል፣ ስለዚህ እስር ቤት ወይም ፍርድ ቤት ነበር የሚሉ አሉ። ፍርስራሽ ማየት የምትወዱ እዚህ ቆዩ።

አማኑኤል ላይ ሳቅኩ። ግድግዳው አንድ መደዳ ወጣ አንድ መደዳ ገባ እያለ የእንጨትና የድንጋይ ግንብ ይመስላል፤ የአክሱም ግንብ። ግን እንጨት የለበትም። ከአንድ ድንጋይ ቀርፀው ነው የእንጨት መደዳ ያስመሰሉት! እኛ ሲሚንቶ ለስነን ጥርብ ድንጋይ መስሎ እንዲታይ እንደምንጭረው ማለት ነው። ጭሬያለሁ እኔም፣ አትዩኝ። ያስመሰሉትን እውነተኛውን ነገር ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ አንድ ቀን ጨምራችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ሂዱ፤ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፣ እዚያ እንጨቱም ድንጋዩም የምር ነው።

ከላይ ያሉትን ትልልቅ መጠለያዎችም ጠየቅኩት። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙ ናቸው፤ አራት ሆነው አምስት ቤተ ክርስቲያናትን ይሸፍናሉ፣ ለጊዜው ተብለው። የከተማው ሰው ክብደታቸው ያስፈራዋል፣ ሰልፍም ወጥቶበታል። ያለፉት ዘመናት ጥገና ላይ ግን የራሴን ልበል። ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሲሚንቶ የለጠፈ ሰው በሽተኛውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አፍኖታል። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ውሃውን ውስጥ ያስቀርና ድንጋዩ ከኋላው ይበሰብሳል። ኖራ ነበር የሚሻለው። ኖራ ያቦካ እጁን ያውጣ እስቲ? ... ሁለት። እሺ።

ጊዮርጊስን ለማታ አስቀርቶልን ነበር። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ቀይ ይሆናል። ስለሱ ብዙ ስለምታውቁ አንድ ነገር ብቻ፤ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን ናቸው። መስኮት መስለው ተቀርፀዋል እንጂ አይከፈቱም። የሚከፈቱት የላይኞቹ ናቸው። እኔ ሸክም ያለበትን ታችኛውን ግድግዳ ላለማዳከም ነው አልኩ። አስጎብኚው "ይህንን ከዛሬ ጀምሮ ለእንግዶች እነግራለሁ፣ አንድ ግንበኛ ያለው ብዬ" አለኝ። ስንለያይ ከተነጋገርነው ዋጋ ላይ ጨመርኩለት። ባለቤቴ ይህንን እንዳትሰማ።

ከመካከላችሁ አንዱ ቅድም "ሌላ ቦታስ?" ብሎኛል። መቅደላ አለላችሁ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አቃጥለውት ስለሄዱ የቆመ ነገር ብዙ አትጠብቁ፤ ሴባስቶፖል መድፍ ግን እዚያው ናት። በተንታ በኩል ነው፣ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔም ገና ነኝ፤ ከናንተ የሚሄድ ካለ ሦስተኛ ሰው እሆናለሁ፣ ዋጋውን አስቀድመን እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ ከምሳ በፊት የሆነ ነው። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። ልጄ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች። እኔና ባልደረባዬ ገብተን ወጣን። ግድግዳው ላይ ቁመተ ሰው የሚያህሉ ቅዱሳን ተቀርፀዋል።

"ምን አየህ?" አለችኝ።

"ቅዱሳን አሉ። ግድግዳው ላይ።"

"ስንት ናቸው?"

"ሰባት ናቸው ብሏል ልጁ።"

"አንተስ?"

ዝም አልኩ።

"ከግድግዳው ወጣ ብለው ነው የተቀረፁት ወይስ ወደ ውስጥ ገብተው?" ይህ እንግዲህ የግንበኛ ጥያቄ ነው። የኔ ልጅ ነች። እና መልሱ የለኝም። "ትልቅ ነው" ልል ምንም አልቀረኝም።

ጫማዬን እንደገና አወለቅኩ። በር ላይ ያሉት አባ "ምን ረሱ?" አሉኝ። "ልጄ የጠየቀችኝን" አልኳቸው። ሳቁና መጋረጃውን ያዙልኝ። አስጎብኚው ባትሪውን ይዞ ተከተለኝ፤ ብርሃኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን እንዲያበራልኝ ነገርኩት፣ እኛ ልስን የምናይበት አበራር። ያኔ ጥላው ወጣ። ከቅስቱ ሥር፣ ከግድግዳው ላይ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ሳልነካ፣ በአየር ላይ፣ የትከሻውን ከፍታ በጣቴ ለካሁ። የልብሱን እጥፋት። የእግሩን አቋቋም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አባ ሳል ሲያደርጉ ነው የወጣሁት።

ምሳውን ሁሉ በእጄ ስነግራት እሷ ስትሥል በላን፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። ሥዕሉ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። የአንደኛው ቅዱስ ግራ ትከሻ ከቀኙ ይወርዳል። እሷ አይደለችም ያጠፋችው፣ እኔ ነኝ፤ ባትሪውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የያዘልኝ።